ቀጭኗ ጅማት

እናቴ ሥራዬን ለጎረቤት ስታስረዳ «አሜሪካ ሄዶ የአይጥ ወጌሻ ሆነ» ትላለች። አልተሳሳተችም። ልዩነቱ እኛ ራሳችን ቆርጠን ነው ሲድን የምንከታተለው። በማደንዘዣ ተኝተው ነው፤ ሲነቁም የሕመም ማስታገሻ ይሰጣቸዋል።

ላብራቶሪው ከገባሁ ገና ወራት ነበር። የአይጦቹ የተረከዝ ጅማት ከተቆረጠ ሦስት ሳምንት ሞልቷል። የኔ ድርሻ ጅማቱን አውጥቼ፣ ማሽን ላይ ወጥሬ፣ እስኪበጠስ መጎተት ነው። የጥቂት ሚሊሜትር ነገር ናት። ከደረቀች ትገትራለች፤ ውጤቱም ይዋሻል። ስለዚህ ጨው ያለው ውሃ ውስጥ ነው የማኖራት። በዚህ በኩል እንኳ ማንም አይከሰኝም።

ያን ቀን ጉድ አየሁ። የምንሞክረውን አዲስ መድኃኒት የወሰዱት አይጦች ጅማት በጥንካሬው ካልተነካ ጅማት ብዙም አያንስም!

ለምን ጉድ እንዳልኩ ልንገራችሁ። ጅማት ሲድን አይቸኩልም። ሴሎቹ ጥቂት ናቸው፤ የሚደርሰው ደምም ትንሽ ነው። መጀመሪያ ቁስሉ ያብጣል። ከዚያ ክፍተቱ ቶሎ ቶሎ በተሠራ ኮላጅን (ጅማት የሚገነባበት የፕሮቲን ክር) ይሞላል፤ ቀጭኑና ዝብርቅርቁ «ዓይነት 3» በብዛት ይገባበታል። እሱ በጠንካራው «ዓይነት 1» እስኪተካና ክሮቹ መስመር እስኪይዙ ወራት ያልፋል። ያኔም ቢሆን ያደገች አይጥ የሚተርፋት ጠባሳ ነው። ገና የተወለደች አይጥ ግን ጅማቷን መልሳ ታበቅላለች። በፈረንጆቹ 2017 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የሕፃኗን ቁስል የሚሞሉት የራሱ የጅማቱ ሴሎች ናቸው። በትልቋ ላይ እነሱ ዝም ይላሉ፤ ሌሎች ሴሎች መጥተው ጠባሳ ይሠራሉ።

እና ትልቅ አይጥ በሦስት ሳምንት? ስብሰባ ላይ አፌን ሞልቼ «መድኃኒቱ ሠርቷል» አልኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው ለካ ለኔ ነው።

አንጋፋዋ ቴክኒሻናችን ማሽኑ የመጎተቱን ኃይል ያሰፈረበትን መስመር ትክ ብላ አየች። መስመሩ ሁለት ጉብታ ነበረው። እኔ የመጀመሪያዋን «ከመያዣው ሾልኮ ነው» ብዬ አልፌያታለሁ።

«ቀጭኗንስ አውጥተሃታል?» አለችኝ።

ከተረከዙ ጅማት ጎን ፕላንታሪስ የምትባል ክር የመሰለች ጅማት አለች። በቀዶ ጥገናው ሆን ብለን አንነካትም፤ እግሩን ትደግፋለች። ወደ ማሽኑ ከመሄዱ በፊት ግን መውጣት አለባት። መድኃኒት ያልወሰዱትን ያወጣችው ቴክኒሻኗ ነበረች። የወሰዱትን እኔ፣ ብቻዬን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። የተበጠሰውን ቅሪት ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጋ በወረንጦ ለየችው። ቁስሉ በመጀመሪያዋ ጉብታ ላይ ተበጥሶ ኖሯል። ከዚያ በኋላ ሲጎተት የነበረው ጤነኛዋ ክር ነው።

የተበጠሰ ደግሞ ተመልሶ አይለካም። አዲስ አይጥ፣ አዲስ ቀዶ ጥገና፣ ሌላ ሦስት ሳምንት። በሁለተኛው ዙር ሁለቱም ቡድን ደካማ ሆነው ወጡ።

እሁድ እናቴ ደወለች። «አይጦችህ ተሻላቸው?»

«ገና ነው እማዬ።»

አሁን የማወጣቸውን ቀጫጭን ጅማቶች አልጥልም። ትንሽ ሳህን ላይ እደረድራቸውና እቆጥራለሁ። አሥር እግር ካለኝ አሥር ክር ካላየሁ ማሽኑን አልከፍትም።