መስኮት ላይ የተደረደሩ እጆች፦ የአሻንጉሊት ሬዚን ያወዳደርኩበት መንገድ

ባለ ኳስ መገጣጠሚያ አሻንጉሊት የሚሰበስብ ሰው ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ ላይ መውደቁ አይቀርም፦ የ200 ዶላሩም የ900 ዶላሩም ሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ፈስሶ የሚጠነክር ፕላስቲክ) ከተባሉ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? ሻጮች መልስ አያጡም። የእኛ ሐር ነው፣ የእኛ አይወይብም፣ የእኛ ከሰው ቆዳ አይለይም ይላሉ። ሰብሳቢውም የገዛውን እያመሰገነ ይምላል። እኔ ጎን ለጎን አስቀምጬ ካላየሁ አላምን ስላልኩ ራሴው ላወዳድር ተነሳሁ።

ለማያውቃቸው በአጭሩ ላስተዋውቅ። ትከሻቸው፣ ክርናቸው፣ ጉልበታቸውና አንጓቸው በኳስ ቅርጽ ተሠርቶ፣ በውስጣቸው የሚያልፍ ላስቲክ ወጥሮ ይይዛቸዋል። ዓይናቸው ይወጣል፣ ጸጉራቸው ይቀየራል፣ የፊታቸው ቀለም ታጥቦ እንደገና ይሣላል። የዛሬውን መልካቸውን ያስያዘው የጃፓኑ ቮልክስ ነው። ይህ የኪዮቶ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 ሱፐር ዶልፊ የተባሉትን፣ ቁመታቸው ወደ 57 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ አሻንጉሊቶች አወጣ። ከዚያ በፊት የሚገጣጠሙ ሞዴሎችን ይሸጥ ስለነበር በሬዚን ቅርጽ ማውጣት እንግዳው አልነበረም። ከዚያ እነ ሉትስ፣ ፌሪላንድ፣ ሱምና አይፕልሃውስ ከኮሪያ ተከተሉ፤ የቻይና ኩባንያዎች ደግሞ ዋጋውን አወረዱት። «በዚህ ዕድሜሽ አሻንጉሊት?» ላሉኝ አክስቴ ይህን ሁሉ ዘርዝሬላቸዋለሁ። እሳቸው ግን የያዙት ዋጋውን ብቻ ነው።

ሙሉ አሻንጉሊት ገዝቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት ለባለጸጋ ነው። እኔን ያወጡኝ ትርፍ እጆች ናቸው። ብዙ ኩባንያዎች ጣታቸው የተዘረጋ፣ የተጨበጠ፣ ዕቃ የያዘ እያሉ እጆችን ለብቻ ይሸጣሉ፤ ዋጋቸውም ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። እጅ ለምርመራ የተመቸ ነው። መዳፉ ድፍን ነው፣ ጣቶቹ ቀጫጭን ናቸው፣ ሁለቱ የቅርጽ ማውጫ ግማሾች የተጋጠሙበት መስመርም ጎኑ ላይ ይታያል። ጥንድ ሆኖ ስለሚመጣ ደግሞ አንዱን ሲያሠቃዩት ሌላው ምስክር ሆኖ ይቀመጣል። ከአራት ኩባንያዎች በፈዛዛ ሮዝ የቆዳ ቀለም አዘዝኩ፤ ከሁለቱ ጠይምም ጨመርኩ። ኩባንያዎች የሬዚን ቅመማቸውን ሳይናገሩ ስለሚለውጡ ስማቸውን አልጠራም። ከውዱ ወደ ርካሹ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብላቸው ይበቃል።

በክብደት ጀመርኩ። ሰብሳቢዎች መካከል ከባድ ከሆነ ጥሩ ሬዚን ነው የሚል እምነት አለ። ይህን ለማጣራት የኩሽና ሚዛንና አንድ ብርጭቆ ውኃ በቂ ነው። መጀመሪያ እጁን ደረቁን መዘንኩ። ቀጥሎ ውኃ ያለበትን ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጬ ወደ ዜሮ መለስኩና እጁን በክር አንጠልጥዬ፣ ታችም ጎንም ሳይነካ፣ ሙሉ በሙሉ አጠለቅኩት። ያኔ ሚዛኑ የሚያሳየው ግራም የእጁ መጠን በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። ደረቁ ክብደት 22 ግራም፣ ውኃው ውስጥ የተነበበው 20 ቢሆን እፍግታው (ክብደቱ ለመጠኑ ሲካፈል) 1.1 ነው ማለት ነው። ላስቲኩ የሚያያዝበትን ብረት ማንጠልጠያ ማውጣትና በላስቲኩ ቀዳዳ ውስጥ አየር አለመቅረቱን ማየት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ቁጥሩ ይዋሻል። የአራቱም ውጤት ከ1.05 እስከ 1.2 ባለው ውስጥ ወደቀ፤ ሀ እና መ ደግሞ ጎን ለጎን ናቸው። ውዱ አሻንጉሊት በክንድ ሲታቀፍ የሚከብደው ጭኑና ደረቱ ወፍራም ተደርጎ ስለሚፈስስ እንጂ ሬዚኑ የተለየ ስለሆነ አይደለም።

ሐር የሚባለው ልስላሴም እንዲሁ ሆኖ ተገኘ። መ ሲመጣ ቆዳው ያብለጨልጫል፣ መጋጠሚያ መስመሩም በጥፍር ይዳሰሳል። በውኃ እየነከርኩ መጀመሪያ በ600፣ ቀጥሎ በ1000፣ በመጨረሻ በ1500 የብርጭቆ ወረቀት (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል) ፈገፈግኩት። ሲደርቅ ለጓደኛዬ ዓይኗን አስጨፍኜ ከሀ ጋር ሰጠኋት፤ መለየት አልቻለችም። ለልስላሴ የሚከፈለው ገንዘብ ፋብሪካ ውስጥ ተቀምጦ ለሚፈገፍገው ሰው ጉልበት ነው፤ ለዚያ መክፈል ተገቢ ነው እላለሁ፣ ምን እንደገዙ እስካወቁ ድረስ። የሚሞክር ካለ ግን በደረቁ አይፈግፍግ። ሬዚኑ አንዴ ከጠነከረ መያዙ አይጎዳም፤ ብናኙ ግን ሳንባ የሚገባ ነገር አይደለም። በውኃም ቢሆን ማስክ አድርጉ፣ ልብሱንና ጠረጴዛውንም አጥቡት።

ኩባንያ ከኩባንያ በእርግጥ የተለየበት ቦታ አየሩ ላይ ነው። ክፍሉን አጨልሜ የእጅ ባትሪ ከመዳፉ ኋላ ሳበራ ሀ ውስጥ ምንም አልነበረም። መ ውስጥ በጣቶቹ ጫፍና በአንጓው ዙሪያ ጥቃቅን አረፋዎች ተሰብስበዋል። ምክንያቱን ለመረዳት አሠራሩን ማየት ይበጃል። አሻንጉሊቶቹ የሚሠሩበት ፖሊዩሬቴን ሁለት ፈሳሾች ተደባልቀው የሚጠነክር ነገር ነው፤ አንዱ ፖሊዮል፣ ሌላው አይሶሳያኔት ይባላል። አይሶሳያኔት እርጥበት ካገኘ ከውኃው ጋር ይዋሐድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቅቃል፤ የእንጀራን ዓይን የሚያወጣው ያው ጋዝ ነው፣ እዚህ ግን ማንም አይፈልገውም። ሲደባለቅና ሲፈስስ የሚገባ አየርም አለ። ጥሩ ሠሪ ፈሳሹን በቫኩም አየሩን ያስወጣዋል፤ ወይም ቅርጽ ማውጫውን በግፊት ጋን ውስጥ አድርጎ የቀረችው አረፋ እስክትጠፋ ይጨምቃታል። የሲሊኮን ቅርጽ ማውጫውም ዕድሜ አለው። ብዙ ጊዜ ሲፈስስበት ጠርዙ ያልቃል፣ የመጋጠሚያ መስመሩ ይወፍራል፣ የጥፍርና የከንፈር ዝርዝር ይደበዝዛል። እሱን በጊዜው መቀየር ወጪ ነው። እንግዲህ እስከዚህ ድረስ ሀን ከመ የለየው የአፈሳሰስ ጥንቃቄ ነው፤ የሬዚኑ ቅመም ገና አልተነካም።

አረፋ ከላይ ካልታየ ምን ይጎዳል ለሚል፦ ቀለም አጥቦ ፊት እንደገና የሚሥል ሰው በፈገፈገ ቁጥር አንድ ንብርብር ያነሳል። ከሥር የነበረው አረፋ ይከፈትና አፍንጫ ጫፍ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የመሰለ ነገር ብቅ ይላል። ቀጭን ጣትም የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ አረፋው ያለበት ቦታ ላይ ነው።

በባትሪው ፊት ሌላም ነገር ይታያል። ለ ብርሃኑን አሳልፎ ጣቶቹ ቀላ ብለው ደም ያላቸው መሰሉ፤ ሐ ግን ድፍን ነው፣ ብርሃን አያሳልፍም። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አንዳንድ የኮሪያ ኩባንያዎች ይጠቀሙበት የነበረውና ሰብሳቢዎች የፈረንሳይ ሬዚን የሚሉት እንዲህ ያለ አሳላፊ ነበር፤ ዛሬም በናፍቆት የሚያነሱት አሉ። ውበቱን አልክድም። ብርሃን የሚያሳልፍ ሬዚን ግን ጉዳቱንም አይደብቅም፤ አረፋውም፣ ከጊዜ በኋላ የሚመጣው ቢጫነትም ከውስጥ ድረስ ይታያል።

ወደ መወየቡ ልምጣ፤ ይህን ሁሉ የጀመርኩትም ለእሱ ነው። እያንዳንዱን እጅ ግማሹን በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልዬ ወደ ደቡብ በሚያይ መስኮት ደረደርኩ። ጥንዶቻቸው ጨለማ መሳቢያ ውስጥ ገቡ። የምኖረው ሜሪላንድ ስለሆነ በጋው ፀሐዩን አይሰስትም። የመስኮት መስታወት ከአልትራቫዮሌት ጨረሩ አጭሩንና ኃይለኛውን ክፍል ቢያስቀርም ረጅሙን ያሳልፋል፤ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ አሻንጉሊት የሚደርሰውም ይኸው ስለሆነ ፈተናው ግፍ አልነበረበትም። ፎቶ ሳነሳ ሁልጊዜ አንድ ነጭ ወረቀት ከጎናቸው አደርጋለሁ፣ የካሜራውንም የነጭ ሚዛን ከአውቶማቲክ አውጥቼ አስሬዋለሁ። ይህ ካልተደረገ ስልኩ ራሱ ቀለሙን ያስተካክለውና የወየበውን ያልወየበ ያስመስለዋል።

ፎይሉ ሲነሳ መስመር ያላወጣ አንድም አልነበረም። አይወይብም ተብሎ የተሸጠልኝም ወይቧል። ሀ በትንሹ፣ ሐ እና መ መጠነኛ፣ ከሁሉ የባሰው ግን በዋጋ ሁለተኛው ለ ነው። ሮዝ ቅላቱ ጠፍቶ የቆየ ወረቀት መልክ ያዘ። መሳቢያ ውስጥ የነበሩትም ከነበሩበት ትንሽ ፈቀቅ ብለዋል፤ ኦክስጅንና ሙቀት ያለ ብርሃንም ቢሆን ቀስ ብለው ይሠራሉ። ዋጋና መወየብ አብረው የማይሄዱት እዚህ ላይ ቅመሙ ስለሚገባ ነው። አይሶሳያኔቱ አሮማቲክ ከሚባለው ወገን ከሆነ ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይጠነክራል፣ ነገር ግን በብርሃንና በኦክስጅን ሞለኪውሉ ተለውጦ ቢጫ ቀለም ይሰጣል። አሊፋቲክ የሚባለው ወገን ለብርሃን የተሻለ ይቋቋማል፤ ዋጋው ግን ይወደዳል፣ ሲጠነክርም ቀርፋፋ ነው። በላዩ የሚጨመሩ የጨረር መከላከያዎች አሉ፣ እነሱም እያገለገሉ ያልቃሉ። ኩባንያዎች የትኛውን እንደተጠቀሙ አይነግሩም። ስለዚህ «አይወይብም» የሚለውን ማስታወቂያ ቀስ ብሎ ይወይባል ብላችሁ አንብቡት።

ሰብሳቢዎች የሚያምኑበትን ሚስተር ሱፐር ክሊር የተባለውን ጨረር የሚከላከልና ማብለጭለጭን የሚያጠፋ ማት ስፕሬይ በአንዳንዶቹ ጣቶች ላይ ነፍቼ ነበር። ዘገየ እንጂ አልቆመም። በሜሪላንድ በጋ መንፋት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ አየሩ እርጥበት ከበዛበት ስፕሬዩ እንደ አመዳይ ነጭ ጉም ጥሎ ይደርቃል። የምነፋው ደረቅ ቀን ጠብቄ፣ ደጅ ወጥቼ፣ የኬሚካል ትነት የሚያጣራ ማስክ አድርጌ ነው፤ ተራ የጨርቅ ማስክ ለዚህ አይሆንም።

አሁን ስለ ጠይሞቹ። ጠይም አሻንጉሊት ለምን እንደምፈልግ ለአበሻ አንባቢ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም። ገበያው ግን ለረጅም ጊዜ በነጭና በፈዛዛ ሮዝ የተሞላ ነው፤ ጠይም ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ክፍያ አለው፣ ወይም ለተወሰነ ወቅት ብቻ ይወጣል። ተጨማሪው ክፍያ ሙሉ በሙሉ ዝርፊያ አይደለም። ጥቁረት ለማምጣት ብዙ ማቅለሚያ ይገባል፤ ማቅለሚያው እኩል ካልተማሰለ ጭኑ ላይ እንደ እብነ በረድ የተዥጎረጎረ መስመር ይወጣል። ከሁለቱ ጠይም እጆቼ አንዱ አውራ ጣቱ ሥር እንዲህ ነበር። የብርጭቆ ወረቀት ሲነካውም ጭረቱ አመድ መስሎ ይቀራል፤ ሮዙ ላይ 1500 የበቃኝን፣ ጠይሙ ላይ ወደ 2000 ወጥቼ ነው መልኩ የተመለሰው። ማት ስፕሬይም ትንሽ ከወፈረ ግራጫ ያለብሰዋል።

መስኮቱ ላይ ጠይሞቹ ያሳዩት ለውጥ ከሁሉ የበለጠ አስገርሞኛል። ቢጫነቱ ራሱ በጥቁረቱ ስለሚዋጥ አይታይም። አንዱ ግን ቀዩ ማቅለሚያ ሲደበዝዝበት ከሥር የመጣው ቢጫ ብቻውን ቀርቶ ወደ አረንጓዴ አዘነበለ፤ የቀይ ዳማ ሙቀቱ ጠፋ። ሌላኛው ጠቆር ያለ ቡና ዓይነት ሲሆን ፎይሉ የነበረበትን መስመር ለማግኘት መነጽር አስፈልጎኛል። እና ጠይም ለምትፈልጉ ምክሬ፣ በፎቶ ቀላ ብሎ ልብ ከሚሰርቀው ይልቅ ደፈር ያለውን ጥቁር ምረጡ። አንድ ትርፍም አለው፦ ጥቁር ቀሚስና ጥቁር ዊግ ነጭ ሬዚን ላይ የሚተዉት እድፍ ጠይም ላይ አይታይም። ነጭ አካል ያላችሁ ከልብሱ ሥር ስስ ነጭ ስቶኪንግ አልብሱት።

ጭንቅላቱን ከአንድ ኩባንያ፣ አካሉን ከሌላ የምትገጣጥሙ ደግሞ የእኔን የእጅ ዘዴ ተጠቀሙ። የቀለም ስም አንድ ስለሆነ ቀለሙ አንድ አይሆንም፤ የአንድ ኩባንያ ሬዚን እንኳ ከዙር ዙር ይለያያል። ከአካሉ ኩባንያ አንድ ጥንድ እጅ አዝዛችሁ ጭንቅላቱ አገጭ ሥር በቀን ብርሃን አስጠግታችሁ እዩት። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ በለስላሳ ፓስቴል (የቀለም ጠመኔ) ይታረቃል። አንዱ ሮዝ ሌላው ቢጫ ከሆነ ግን ዛሬ ቢታረቅም፣ ሁለቱ በየራሳቸው ፍጥነት ስለሚወይቡ ከዓመት ዓመት ይራራቃሉ።

ያገለገለ ስገዛ አሁን ሻጩን የምጠይቀው ሁለት ፎቶ ነው። አንዱ አሻንጉሊቱ ከነጭ የማተሚያ ወረቀት ጎን፣ በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ። ሁለተኛው የጭንቅላቱ ክዳን ተከፍቶ የውስጡና የውጪው ግድግዳ አብረው የሚታዩበት። የራስ ቅሉ ውስጥ ፀሐይ ብዙም ስለማይገባ ቀድሞ የነበረውን ቀለም ይነግራል። ሁለቱ ከተቀራረቡ በጥላ ያደገ ነው፤ ከተራራቁ ዋጋው ይቀነስልኝ እላለሁ። ሁለተኛውን ፎቶ ለመላክ ያቅማማ ሻጭ ካጋጠመኝ አልገዛም።