ቹን ሊን በጥላዋ መለየት

የድብድብ ጌም ካራክተር ሲወጣ ጭቅጭቁ ሁሉ ስለ ፊቱና ስለ ልብሱ ነው። ለውድድር የሚጫወት ሰው ግን ፊት አያይም፤ የሚያየው ትከሻና ጉልበት ነው። ጌሙ በሰከንድ 60 ፍሬም (አንድ ፍሬም አንድ ምስል ነው) ይሄዳል፣ ዓይን አይቶ ጣት እስኪታዘዝ ደግሞ ከ12 እስከ 15 ፍሬም ያልፋል። ስለዚህ ስትሪት ፋይተር 6 በተባለው የድብድብ ጌም ላይ በ4 ፍሬም የሚደርስ ቀላል ቡጢ ይገመታል እንጂ ታይቶ አይመለስም። 26 ፍሬም የሚፈጀው ድራይቭ ኢምፓክት የተባለ ከባድ ምት ግን ይታያል፤ በቀለም ተነክሮ የሚመጣውም እንዲታይ ነው።

አስቸጋሪው መካከሉ ነው። የጌሙ ካራክተር ሪዩ ከላይ የሚያወርደው ቡጢ 20 ፍሬም ይፈጃል፣ ቁጢጥ ብሎ ብሎክ የሚያደርገውንም (ምቱን የሚመክተውንም) ይመታል። ሠዓሊው የመጀመሪያዎቹን 6 ፍሬሞች ከሌላ ቡጢ ጋር ካመሳሰላቸው ለተከላካዩ 14 ብቻ ይቀሩታል፣ ያ ማለት ልክ አፋፉ ላይ። ቁጥሩ ሳይነካ በሥዕል ብቻ ጥቃቱ ከረረ ማለት ነው።

መፈተሻው ቀላል ነው። ጥቃቱ ሲጀምር 5ኛው ፍሬም ላይ አቁሙት፣ ምስሉን በጥቁር ሙሉት፣ የአውራ ጣት ጥፍር እስኪያክል አሳንሱት። ከላይ ይሁን ከታች የሚመጣው ካልለየ አቋሙ መስተካከል አለበት። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ካባ፣ ረጅም ፀጉር ወይም የእሳት ብልጭታ ነው። በኋላ ለሽያጭ የሚመጣ ሰፊ ቀሚስም እግሩን ከሸፈነው ያው ነው።

የስትሪት ፋይተር 2 ካራክተር ቹን ሊ እ.ኤ.አ. በ1991 ስትወጣ ይህን ፈተና ያለፈችው በጭኗ ነው። ወፍራም ጭን፣ ሁለት የፀጉር ጉብታ፣ እሾሃማ አምባር፤ በእግሯ እንደምትማታ ማንም ሳይነግራችሁ ታውቃላችሁ። ሪዩና ኬን በዚያው ጌም አካላቸው አንድ ነበር፣ ግን ጥቃታቸውም ያው ስለነበር የተጎዳ የለም። የስትሪት ፋይተር 6ቱ አኩማ ግን ያሳስታል። ጡንቻው ተራራ ያክላል፣ ደሙ (እስኪሸነፍ የሚችለው የጉዳት መጠን) ግን 9,000 ብቻ ነው፤ ግዙፉ ታጋይ ዛንጊፍ 11,000፣ አብዛኞቹ 10,000 አላቸው። ጀማሪ ጡንቻውን አምኖ ይገባና ቶሎ ይወድቃል።

ተመልካች መሳብ ላይ ስትሪት ፋይተር 3ን የሚያህል ትምህርት የለም። እ.ኤ.አ. በ1997 ሲወጣ ከድሮዎቹ ሪዩና ኬን ብቻ ነበሩ፣ የቀሩት አዲስ ፊቶች። ውስጡ ድንቅ ነበር፤ ጥቃት ሊያርፍባችሁ ሲል ስቲኩን (አቅጣጫ መስጫውን ዘንግ) ወደ ፊት ነካ በማድረግ ያለ ጉዳት የምትመልሱበት ፓሪ ነበረው። ሕዝቡ ግን የሚያውቃቸውን ፈለገ። ቹን ሊ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዚሁ ጌም እትም፣ በሰርድ ስትራይክ ተመለሰች። እ.ኤ.አ. በ2004 ኢቮ በተባለው የድብድብ ጌም ውድድር ላይ ተጫዋቾቹ ዳይጎ በኬን፣ ጀስቲን ዎንግ በቹን ሊ የተጋጠሙበትን ቪዲዮ ጌም የማይነካ ሰው ሳይቀር አይቶታል። ኬን ደሙ ተንጠፍጥፏል፣ አንድ ምት ብሎክ ቢያደርግ እንኳ ያልቃል፤ የቹን ሊን አሥራ አምስት ተከታታይ ምት አንድ በአንድ በፓሪ መለሰ። ፓሪን የማያውቅ ሰው የገባው እግሮቿን ስለሚያውቅ ነው። በማይታወቅ ካራክተር ቢሆን ኖሮ ያ ጩኸት ከአዳራሹ ባልወጣ።

በካራክተሩ መልክ ተስቦ የመጣን ሰው የሚያባርረው የገዛ ጣቱ ነው። ዛንጊፍን ለመያዣው (ባላጋራን ይዞ ለሚጥልበት ጥቃት) የመረጠ ጀማሪ ጥቃቱን ለማውጣት ስቲኩን ሙሉ ዙር ሲያዞር ይዘላል፣ ዙሩ ወደ ላይንም ይነካልና። መፍትሔው ከዝላይ ሲያርፉ ወይም ሌላ ቡጢ ገና ሳይመለስ ዙሩን መጨረስ ነው። ስትሪት ፋይተር 6 ደግሞ ሞደርን በሚለው አያያዝ ልዩ ጥቃትን በአንድ በተንና አቅጣጫ ያወጣል፣ ዋጋው 20 በመቶ የጉዳት ቅናሽ ነው። ለእኔ ርካሽ ነው።