ዘጠኝ ሴቶች በአንድ ደብተር

ደብተሬ ውስጥ ዘጠኝ ሴቶች አሉ። አንደኛዋ በቀይ እርሳስ፣ ሁለተኛዋ በሰማያዊ፣ ሦስተኛዋ በአረንጓዴ ተጽፋለች። ቀለም ሲያልቅብኝ ለቀሩት ነጠብጣብና ሰረዝ ተጠቀምኩ። በለንደን የሙዚቃዊ ቴአትር መድረኮች የፊት ጠርዝ ላይ ቁጥር ይለጠፋል። መሀሉ ዜሮ ነው፤ ከዚያ ወደ ቀኝም ወደ ግራም እየጨመረ ይሄዳል፤ ተወዛዋዦች ቦታቸውን የሚለዩት በእሱ ነው። ስለዚህ ደብተሬ «ቀይ ከግራ 6 ተነስታ ዜሮ ላይ ትደርሳለች፣ ወንበሩን ይዛ ትወጣለች፣ በአረንጓዴ ኋላ እንጂ በፊቷ አታልፍም» በሚሉ ማስታወሻዎች የተሞላ ነው። የመጨረሻዋን ሐረግ ሁለት ጊዜ አስምሬባታለሁ፤ አረንጓዴ በዚያች ቅጽበት መሰላል ተሸክማ ትዞራለችና።

ሥራዬ በእንግሊዞች አጠራር ስዊንግ ይባላል። ተጠባባቂ ተዋናይ የአንድ ገጸ ባሕርይ ምትክ ነው። ስዊንግ ግን የብዙ አጃቢዎችን ድርሻ፣ ዘፈኑንም ውዝዋዜውንም ዕቃ ማንሳትና ማስቀመጡንም ጭምር፣ በቃሉ ይዞ ከመድረክ ኋላ የሚጠብቅ ሰው ነው። አንዷ ብትታመም ወይም ዕረፍት ብትወጣ እሷን ሆኜ እገባለሁ። የዌስት ኤንድ፣ ማለትም የለንደን ትልልቅ ቴአትር ቤቶች ሰፈር፣ ልማድ በሳምንት ስምንት ትርኢት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ስድስት ምሽትና ሁለት ከሰዓት በኋላ። በስምንቱም የገባሁበት ሳምንት አለ፤ አንድም ቀን ሳልገባ ያለፈ ሳምንትም አለ።

ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ እናቶች ክንዴን ያዝ አድርገው «ልጄ ድምፅ አላት፤ አንቺ እንዴት ገባሽበት?» ይሉኛል። ቆሜ የምመልሰው ሁልጊዜ ያጥርብኛል። እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።

ከካዛንቺስ ወደ ሰሜን ለንደን የመጣሁት በ12 ዓመቴ ነው። እናቴ ንጋት ላይ ቢሮ ታጸዳ ነበር፤ እንግሊዝኛዋን ያዳበረችው በሬዲዮ ነው። እሑድ ከቅዳሴ ተመልሰን ምሳ ሲሰናዳ ከቢቢሲ ሁለተኛው የሬዲዮ ጣቢያ የሙዚቃዊ ቴአትር ዘፈኖች ይሰሙ ነበር። ያንን ፕሮግራም ከ2004 ጀምሮ የምታቀርበው ኢሌን ፔጅ ናት። እናቴ ስሟን ስለማታውቅ «ያቺ ሳቂታዋ ሴትዮ» ነበር የምትላት። አንድ ቀን የሙዚቃ መምህሬ፣ ሴትዮዋ የተወለደችው እዚሁ ባርኔት፣ እኛ በምንኖርበት አካባቢ መሆኑን ነገረችኝ። የዚያን ዕለት ወደ ቤት ስመለስ አውቶቡሱ ላይ አልተቀመጥኩም፤ መንገዱን ሁሉ ቆሜ በመስኮት ቤቶቹን አያለሁ፤ ከእነዚህ ከአንዱ ወጥታ ነው እላለሁ።

ከዚያ በኋላ የሕይወት ታሪኳን ባገኘሁበት ሁሉ አነበብኩ። ሰው የሚያወራው ስለ 1978 ነው። በፕሪንስ ኤድዋርድ ቴአትር፣ በሃል ፕሪንስ አዘጋጅነት፣ ኤቪታ በተባለው ሙዚቃዊ ቴአትር ኤቪታን ሆና ወጣች፤ በአንድ ምሽት ስሟ በአገሩ ሁሉ ታወቀ፤ የዓመቱንም ሽልማት ወሰደች። እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው አሥር ዓመት ነው። በ1968 ሄር በተባለው ትርኢት ሻፍትስበሪ ቴአትር ስትገባ ከአጃቢዎቹ አንዷ ነበረች፤ የአንዲት ገጸ ባሕርይ ተጠባባቂም ነበረች። ከዚያ ወዲህ አንዴ ትንሽ ድርሻ፣ አንዴ ከፍ ያለ፣ አንዴ ደግሞ ባዶ ወራት። ሙያውን ትታ የሕፃናት ሞግዚት ለመሆን እስከ ማሰብ ደርሳ ነበር። በ1981 ደግሞ ካትስ ለተባለው ትርኢት ስትለማመድ የነበረችው ጁዲ ዴንች የተረከዟ ጅማት ተበጠሰና የግሪዛቤላ ድርሻ ለፔጅ ተሰጠ። ትርኢቱ ሜይ 11 ቀን ተከፍቶ ከ21 ዓመት በኋላ በዚያው ዕለት ተዘጋ። ዛሬ ያንን ገጸ ባሕርይ ሲያስብ ፔጅን የማያስታውስ የለም፤ ድርሻው ግን መጀመሪያ የተሰጠው ለሌላ ሰው ነበር። ይህን ሳነብ 15 ዓመቴ ነበር፤ በእርሳስ አስምሬበት አደርኩ።

እናቴ ሐሳቤን ስትሰማ «አዝማሪ ልትሆኚ ነው እዚህ ድረስ ያመጣሁሽ?» አለችኝ። ይህ ቃል በብዙ ቤት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል። አልተከራከርኳትም። አዝማሪ ማለት በቆመበት ግጥም የሚያወጣ፣ የሰውን ፊት የሚያነብ፣ ሌሊቱን ሙሉ ድምፁን የሚጠብቅ ባለሙያ መሆኑን ዛሬ ብነግራት ታምነኛለች፤ ያኔ ግን እኔም አላውቀውም ነበር።

የትወናና የዘፈን ትምህርት ቤቱ ሦስት ዓመት ነበር። ብዙውን እዘለዋለሁ። ስለ ድምፅ ግን መናገር አለብኝ፤ አማርኛ ተናጋሪ ለሆነ ልጅ ማንም የማይነግረው ነገር አለበት። እኛ «ቀ»ን፣ «ጠ»ን፣ «ጨ»ን ስንናገር ጉሮሯችንን ዘግተን በግፊት እንለቃለን። እኔ ከፍ ያለ ቃና ላይ ስደርስ እያንዳንዱን ቃል «ቀ» እንደምል አድርጌ፣ ጉሮሮዬን ቆልፌ እጀምር ነበር። ድምፁ ብርቱ ስለሚመስል ደስ ይለኛል፤ ሰውም ያጨበጭባል። ሁለተኛ ችግሬ እንግሊዝኛው ነው። «ናይት» የሚለውን ቃል ስዘፍን ቶሎ ወደ «ይ» እሮጥ ነበር፤ መምህሬ «ቤትሽ አ ናት፤ እዚያ ኑሪ፤ ይን ከመውጣትሽ በፊት በሩ ላይ ብቻ ንኪያት» አለችኝ። ይህችን አንዲት ምክር በእጄ ለማስገባት አንድ ሙሉ የትምህርት ዘመን ወሰደብኝ። ከቋንቋችን ያተረፍኩት ነገርም አለ። «አለ» ላልቶና ጠብቆ ሁለት ቃል በሚሆንበት ቋንቋ ያደገ ጆሮ የተነባቢን ርዝመት አይስትም። ሌሎቹ የቃል መጨረሻ እየዋጡ ሲወቀሱ የእኔ ቃላት እስከ መጨረሻው ረድፍ ይሰሙ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ጉንፋን ይዞኝ ሳለ ለትምህርት ቤቱ ዝግጅት ዘፈንኩ። አምስት ቀን አከታትዬ። ስድስተኛው ቀን ጠዋት እናቴን «እንደምን አደርሽ» ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ሐኪሙ ቀጭን ካሜራ በአፍንጫዬ አስገብቶ የድምፅ አውታሮቼን በስክሪን አሳየኝ። ነጭ ጥለት መሆን የነበረባቸው ሁለት ክሮች ቀልተው አብጠዋል። ሦስት ሳምንት አንድም ቃል እንዳልናገር፣ ማንሾካሾክም እንደማይፈቀድ ነገረኝ፤ ማንሾካሾክ ራሱ አውታሮቹን ያደክማል። እናቴ ማር በዝንጅብል እያፈላች በየሰዓቱ ታቀርብልኛለች። የምንውጠው ነገር በሌላ ቧንቧ ስለሚወርድ አውታሩን እንደማይነካው፣ አውታሩ ድረስ የሚደርሰው እንፋሎት ብቻ መሆኑን በወረቀት ጻፍኩላት። አንብባ ዝም አለች። ማታ ስመለስ ሙቅ ውሃ በሳህን፣ ነጠላዋን ከጎኑ አጥፋ አስቀምጣልኛለች፤ ተከናንቤ እንድታጠን። የእናቴ ተቃውሞ ያበቃው ያን ማታ ይመስለኛል። ስለዚህ ልጆቻችሁን ልትልኩ ካሰባችሁ ዝምታን አስተምሯቸው። ከትርኢት በኋላ ጫጫታ ያለበት ቦታ ቆሞ መጫወት ከሁለት ሰዓት ዘፈን ይልቅ ድምፅ ይገድላል።

ተመርቄ ሥራ አላገኘሁም። በአንድ ቴአትር ቤት አስተናጋጅ ሆኜ ተቀጠርኩ፤ ተመልካች ማስቀመጥ፣ በዕረፍት ሰዓት አይስክሬም መሸጥ። አሥራ አራት ወር ቆየሁበት። አንድን ትርኢት ከሦስት መቶ ጊዜ በላይ ከመተላለፊያው ቆሜ አየሁ። ትምህርት ቤት ያልሰጠኝን እዚያ ተማርኩ። ታሪኩ ሲላላ አዳራሹ ያስላል። በጉንፋን ወራትም ቢሆን፣ ተዋናይዋ እውነት ስትናገር ስምንት መቶ ሰው አንድ ጊዜ እንኳ አያስልም። ሳሉ የሚመጣበትን ቦታ እየመዘገብኩ፣ ተጠባባቂዋ በገባች ቀን ሳሉ ሲቀር ወይም ሲጨምር ምን እንዳደረገች እመረምር ነበር። በዚያ ወቅት ያፈርኩበት ሥራ ዛሬ ከሁሉ በላይ የምኮራበት ነው።

ለፈተና የሚጠራ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው 16 ባር (የዜማ ልኬት) ነው፤ አንድ ደቂቃ አይሞላም። የመጀመሪያ ፈተናዬ ላይ የኖታ ወረቀቶቼ ስላልተያያዙ ፒያኖው ላይ ተበተኑ፤ ፒያኒስቱ ከወለል ሲለቅም ደቂቃዬ አለቀ። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን በማቀፊያ አያይዤ፣ የሚጀመርበትንና የሚቆምበትን በደማቅ ቀለም ምልክት አድርጌ እሄዳለሁ። ፍጥነቱን ጣት በማጮህ አልነግረውም፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ባሮች በጆሮው ቀስ ብዬ አዜምለታለሁ። ፒያኒስቱ በዚያ ክፍል ውስጥ ያለኝ ብቸኛ ወዳጅ ነው። ሃያ ሦስት ጊዜ ተፈትኜ በሃያ አራተኛው ተቀጠርኩ፤ ስዊንግ ሆኜ።

የፀጉሬን ነገር ዝም ብዬ አላልፈውም። ማይክሮፎኗ የሩዝ ፍሬ ታህላለች። ግንባር ላይ ፀጉር ከሚጀምርበት ትጣበቃለች፤ ሽቦዋ በራስ ቅል ላይ አልፎ በማጅራት ይወርዳል፤ ከላይ ዊግ ይደፋበታል። በመጀመሪያው ሥራዬ ፀጉሬን የሚያውቅበት ሰው አልነበረም። በፒን እየጠቀለሉ ሲጫኑት ዊጉ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ሽቦው ይንሸራተታል፤ ራሴን እያመመኝ ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ፤ አስቸጋሪ ናት እንዳይሉኝ። በኋላ ተናገርኩ። ወደ ኋላ የተኛ ቀጭን ሹሩባ ከሆነ ዊጉ እንደ ቆብ ልክክ ይላል። በመጀመሪያው ቀን መናገር ነበረብኝ፤ ቅሬታ ሳይሆን የሥራ መረጃ ነው።

ከዚያ ያ ረቡዕ መጣ። በእንግሊዝ ቴአትር «ግማሽ ሰዓት» የሚለው ጥሪ የሚሰማው ትርኢቱ ሊጀምር 35 ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ ተዋንያን ቦታቸውን የሚይዙት 5 ደቂቃ ቀድመው ስለሆነ። ግማሽ ሰዓቱ ተጠራ፤ ሁሉም ጤነኛ ነበር፤ ደብተሬን ዘግቼ ሻይ አፈላሁ። በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ሰማያዊ የምላት ተወዛዋዥ ደረጃ ስትወርድ ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። ሰማያዊ በሁለተኛው ክፍል አንድ አንጓ ብቻዋን ትዘፍናለች። ሃያ ደቂቃ ነበረኝ። አልባሽዋ ከኋላ ቀሚሱን ስትቆልፍ እኔ ደብተሩን ገልጬ በጣቴ ሰማያዊውን እከተላለሁ፤ የልቤ ምት ቀሚሱን ያነሳው ነበር።

ወጣሁ። መብራቱ ፊቴን ሲያገኘው እግሮቼ ቁጥር 4 ላይ ቆሙ። የሰማያዊ ቦታ ግን 8 ነው፤ 4 የቀይ ነበር። የፊተኛውን ሳምንት ሁሉ ቀይ ሆኜ ስለገባሁ እግሮቼ ወደለመዱት ሄዱ። አረንጓዴ፣ ያቺ መሰላል የምትሸከመው፣ ፊቷን ከተመልካቹ ሳታዞር ክርኔን በሁለት ጣቷ ነካ አድርጋ ወደ ጎን ገፋችኝ። ተንሸራተትኩ፤ የጭፈራው አካል መሰለ። ኦርኬስትራው ደረሰ፤ ዘፈንኩ። ስለ አዘፋፈኔ የማስታውሰው ጥቂት ነው። የማስታውሰው አንድም ሰው አለማሳሉን ነው።

ያን ማታ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ እንደገና ጻፍኩት። ቁጥር ሰውን ያሳስታል፤ ስትደነግጪ 4 እና 8 አንድ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን በግራዬ ማን እንዳለች፣ በቀኜ የማን ትንፋሽ እንደሚሰማኝ፣ የማን ቀሚስ እግሬን እንደሚነካ እጽፋለሁ። አዲስ ስዊንግ ሲቀጠር መጀመሪያ የማሳየው ይህንን ነው።

እናቴ በዚያ ረቡዕ ሥራ ላይ ነበረች፤ አላየችኝም። በሌላ ቀን ስትመጣ እኔ ከኋላ ነበርኩ፤ አንድም ጊዜ አልወጣሁም። ትርኢቱ ሲያልቅ በተዋንያኑ በር ጠብቃኝ «ሁሉንም እያየሁ አንቺን ፈለግኩ» አለችኝ። እሑድ ደግሞ ቲያትሩ ዝግ ነው። ከቅዳሴ ተመልሰን ሬዲዮው ይከፈታል፤ እኔ መሬት ላይ፣ እሷ ወንበር ላይ ሆና ሹሩባዬን ትሠራለች። ማበጠሪያውን ግንባሬ ላይ ታቆምና «ሽቦው በመሀል ነው የሚያልፈው በጎን?» ትለኛለች።

«በዚህ ሳምንት በጎን ነው፣ እማዬ።»