በውስን ገንዘብ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር መገጣጠም

ዴስክቶፕ ለመገጣጠም ስንነሳ፣ ከዋጋ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ማሽኑ ለምን ሥራ ይውላል የሚለው ነው። ለቢሮ ሥራ፣ ለፕሮግራሚንግና ለመጠነኛ የፎቶ ቅንብር ለሚፈልግ ሰው ደጋግሜ የምመክረው ራይዘን 5 5600ጂ የተባለውን የኤኤምዲ ኩባንያ ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩን ስሌት የሚሠራውን ክፍል) ነው፤ ስድስት ኮር (ሥራ የሚካፈሉ የስሌት ክፍሎች) ያለው ከመሆኑም በላይ ግራፊክሱ (ምስል ወደ ስክሪን የሚያወጣው ክፍል) አብሮት ስለሚመጣ የተለየ ግራፊክስ ካርድ ሳይገዙ ሥራ መጀመር ይቻላል። በሌላው አምራች በኢንቴል በኩል ግን በስማቸው መጨረሻ «ኤፍ» የሚል ፊደል ያለባቸው ፕሮሰሰሮች የራሳቸው ግራፊክስ ስለሌላቸው፣ የዋጋቸውን መቀነስ ብቻ አይቶ መግዛት ለተጨማሪ ወጪ ይዳርጋል።

5600ጂ ለግራፊክስ የሚጠቀመው ዋናውን ራም (በሥራ ላይ ያለ መረጃ ለጊዜው የሚያዝበትን ክፍል) በመሆኑ፣ አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ከመሰካት ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት መሰካት እጅግ ይሻላል፤ ሁለቱ በጥምረት ሲሠሩ መረጃ የሚተላለፍበት መንገድ በእጥፍ ይሰፋል። አራት የራም ማስገቢያ ባለው ማዘርቦርድ (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ) ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰኩት ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር በሁለተኛውና በአራተኛው ነው።

ለማከማቻ መካከለኛ ዋጋ ያለው ኤስኤስዲ ይበቃል። ለክፍሎቹ ኤሌክትሪክ በሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ላይ ግን መቆጠብ ፈጽሞ አይገባም። መብራት ድንገት በሚጠፋባትና ሲመለስም ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ በሚልባት አዲስ አበባ፣ ከኬዝ (ከኮምፒውተሩ ሳጥን) ጋር ተያይዞ የሚሸጥ ስም የለሽ ፓወር ሰፕላይ ሲቃጠል ማዘርቦርዱንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። የ80 ፕላስ ምልክት ኃይል አለማባከኑን እንጂ መከላከያ እንዳለው ስለማይመሰክር፣ ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅንና ሾርትን የሚከላከል መሆኑን ሳጥኑ ላይ አንብቦ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ገንዘቡ ካልበቃ የሚቀነሰው ከኬዙ ነው።