ቲማቲሙ ሲጠወልግ አስቀድሞ ስሩ ይታይ

በመቂና በዝዋይ አካባቢ ቲማቲም በመስኖ የሚያለማ ሰው ይህን ምልክት ሳያየው አይቀርም፤ ማሳው በቂ ውኃ ጠጥቶ ሳለ አንዳንዱ ተክል ቀትር ላይ ይጠወልጋል፣ ፀሐይ ስትበርድ ቀና ይላል፣ ውሎ አድሮም ቅጠሉ ገርጥቶ ቀጭጮ ይቀራል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ዩሪያ ይጨምራሉ ወይም የፈንገስ መድኃኒት ይረጫሉ። እኔ ግን ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት አንድ ተክል ዙሪያው በዶማ ተቆፍሮ እንዲነሳና ስሩ በባልዲ ውኃ እንዲታጠብ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ጎትቶ መንቀል አይበጅም፤ የተጎዱት ቀጫጭን ስሮች ተበጥሰው አፈር ውስጥ ይቀራሉና።

የታጠበው ስር እንደተቋጠረ ገመድ እዚህም እዚያም አብጦ ከተገኘ፣ ተባዩ የስር እባጭ ኔማቶድ የሚባል፣ ስር ውስጥ የሚኖር ደቂቅ ትል ነው። እባጩ በምላጭ ሲሰነጠቅ ከአንድ ሚሊ ሜትር የማትበልጥ፣ ነጭና የምታብረቀርቅ ነጥብ ትታያለች፤ እርሷ እንስቷ ትል ስትሆን በመቶዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎችን ዝልግልግ ፈሳሽ ውስጥ ትጥላለች። የሚፈለፈለው ትል በዓይን አይታይም፤ በስሩ ጫፍ ገብቶ ጥቂት ሕዋሳትን ከልክ በላይ በማሳበጥ መመገቢያው ስለሚያደርጋቸው፣ ውኃና ንጥረ ነገር የሚያመላልሱት ቧንቧዎች ይዛባሉ። አፈሩ ርጥብ ሆኖ ተክሉ የሚጠማው፣ ዩሪያውም የማይፈይደው ለዚህ ነው። ቦሎቄ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ ናይትሮጅን የሚሰጠው ጠቃሚ ቁጢት (ትንሽ እብጠት) ከስሩ ጎን ተለጥፎ የሚገኝ፣ በጣት ሲታሽ የሚላቀቅና ውስጡ ሮዝ ሲሆን፣ የኔማቶዱ እባጭ ግን ራሱ ስሩ ነው።

በእኔ እምነት ትልቁ ጥፋት የሚጀምረው በየዓመቱ አንድ ቦታ ላይ ከሚዘጋጀው የችግኝ መደብ ነው፤ ከዚያ የተነሳ የታመመ ችግኝ ንጹሕ ማሳን ይበክላል። መደቡ ትንሽ በመሆኑ፣ በበጋው ሙቀት አፈሩን አርሶና አጠጥቶ ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ ከ4 እስከ 6 ሳምንት መሸፈን አቅም ያለው ሁሉ የሚችለው ሥራ ነው። ሰፊ ማሳ ላይ ግን ወጪው ይከብዳል፤ በጥልቀት ያሉት ትሎችም ይተርፋሉ።

ቲማቲምን በቃሪያ፣ በሐባብ ወይም በዱባ መተካት ሰብል ማፈራረቅ ይመስላል፤ ለዚህ ተባይ ግን ሁሉም ምግቡ ናቸው። ተቋቋሚ የቲማቲም ዝርያ ከተገኘ በእጅጉ ይረዳል፤ ሆኖም የአፈሩ ሙቀት ከ28 ዲግሪ ሲያልፍ መከላከያው ስለሚዳከም፣ በቆላ ማሳ ብቻውን አይበቃም። የመጨረሻው ለቀማ እንዳለቀም ስሩን ከነእባጩ ነቅሎ ማቃጠል ይገባል፤ አብሮ ከታረሰ እንቁላሉ ለቀጣዩ ተከላ ይቆያል።