አንድ በር፣ ሁለት ሰው

የክፉ ገጸ ባሕርይን ሁለት መልክ ለማሳየት ብዙ ጸሐፊ ቶሎ የሚይዘው ብርሃንና ጨለማን ነው። ለደጉ ነጭ ሸሚዝ፣ ለክፉው ጥቁር ካባ። እንዲህ ሲሆን የሚወጡት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሁለት ባሕርይ ያለው አንድ ሰው ግን አይወጣም። ቅኔ የሚያውቅ ሰው ጉድለቱ ወዲያው ይታየዋል፦ ሰሙና ወርቁ ሁለት ትርጉም በያዘ በአንድ ኅብረ ቃል ላይ መገናኘት አለባቸው። የልቦለድ ተምሳሌትም እንዲሁ ነው። ዕቃው አንድ ይሁን፣ ባለቤቶቹ ሁለት።

የስኮትላንዳዊውን ደራሲ የስቲቨንሰንን ልቦለድ ዶክተር ጄኪልና ሚስተር ሃይድ (1886 እ.ኤ.አ.) በዚህ ዓይን ማንበብ ይጠቅማል፤ የተከበረው ዶክተር ጄኪል የቀመመውን መድኃኒት እየጠጣ ወደ ክፉው ሃይድ ይለወጣል፤ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው። (የሃይድ ስም ራሱ ኅብር ነው፤ በእንግሊዝኛ ሲጠራ «መደበቅ» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ድምፅ አለው።) መጽሐፉ በበር ይጀምራል። ቀለሙ የተላላጠ፣ ደወልም ማንኳኪያም የሌለው፣ መስኮት አልባ ሕንፃ ላይ ያለ በር ነው። ለማኞች ክብሪት ይጭሩበታል፤ ልጆች ደረጃው ላይ ሱቅ ሱቅ ይጫወታሉ። ሃይድ በቁልፍ ከፍቶ ይገባና በጄኪል የተፈረመ ቼክ ይዞ ይወጣል። ጥግ ዞር ሲሉ ደግሞ ሀብትና ምቾት የሚታይበት የዶክተሩ ቤት አለ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ስለ በሩ ትርጉም ምንም አይባልም። በሩ የዚያው የዶክተሩ ቤት የጓሮ መግቢያ መሆኑ የሚገለጠው ቆይቶ ነው።

በረቂቅ ላይ ልንሠራበት የሚገባው ቅደም ተከተል ይህ ይመስለኛል፦ ዕቃው መጀመሪያ ተራ ሥራውን ይሥራ፣ ቀጥሎ ወደ ሌላኛው ማንነት እጅ ይለፍ፣ በመጨረሻ ይሰበር ወይም ይመስክር። ለአጭር ሥራ ሦስት ጊዜ ብቅ ማለቱ ይበቃዋል። ዱላውን እንይ፦ ጠበቃው አተርሰን ለጄኪል ስጦታ ሰጠው፤ ሃይድ ሰው ገደለበት፤ ለሁለት ተሰብሮ ግማሹ ከሬሳው አጠገብ፣ ግማሹ ሃይድ በሶሆ ከተከራየው ቤት በር ኋላ ተገኘ። በምዕራፉ ውስጥ ስለ ተምሳሌትነቱ የሚናገር አንድ ቃል የለም።

ዋናው ፈተና ግን ሌላ ነው። ተምሳሌቱን አውጥተህ ታሪኩ ምንም ሳይጎድለው ከቀጠለ፣ ተምሳሌቱ ጌጥ ነበር ማለት ነው። ጄኪል ሃይድን በቃኝ ሲል የጓሮውን በር ቆልፎ ቁልፉን በተረከዙ ይረግጠዋል። ንስሐው ከልቡ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን መናፈሻ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ ሳይፈልገው ሃይድ ይሆናል። መድኃኒቱ ያለው ቤት ውስጥ ነው፤ የጓሮውን በር ራሱ ዘግቷል፣ በፊት ለፊቱ ቢገባ አሽከሮቹ ለፖሊስ ይሰጡታል። ያዳነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የእጅ ጽሑፉ ያው የጄኪል ነው። በዚያ ጽሑፍ ለወዳጁ ለላንየን ደብዳቤ ልኮ መድኃኒቱን ያስመጣል። የሁለቱ ጽሑፍ አንድ መሆኑን፣ የሚለየው የፊደሎቹ አዘነባበል ብቻ መሆኑን፣ ቀደም ብሎ የአተርሰን ጸሐፊ አስተውሎት ነበር። የበሩ፣ የቁልፉና የጽሑፉ ምሰላ የሚቋጠረው እዚህ ነው፤ ንስሐውን ያሳየው ቁልፍ ራሱ አጥምዶታል።

ሌላው የሚሳሳቱበት ነገር ሚዛኑ ነው። መጽሐፉን የሚቀዳ ብዙ ሥራ ገጸ ባሕርዩን ግማሽ መልአክ፣ ግማሽ ሰይጣን ያደርገዋል። እዚህ ግን ሃይድ ንጹሕ ክፋት ሲሆን ጄኪል ቅልቅል ነው። ሃይድ አጭርና ቀጭን የሆነውም ክፉው ወገን እስከዚያ ድረስ ብዙ ስላልተለማመደ ነው ይላል በመጽሐፉ መጨረሻ ያለው የጄኪል ኑዛዜ፤ የጄኪል ልብስ ይንዘረፈፍበታል። ለውጡ ሲደጋገም የሃይድ ሰውነት የፋፋ ይመስላል። ልብስን ለመለኪያነት መጠቀም እንዲህ ነው፤ በቅጽል ከማብራራት ይሻላል።

መስተዋቱ በእኔ ግምት ደካማው ምሰላ ነው፤ ከሁሉም ይልቅ የተለመደ ስለሆነ። ቢሆንም በመጨረሻው ሌሊት የጄኪል የሥራ ክፍል በር ተሰብሮ አተርሰንና አሽከሩ ፑል ጎንበስ ብለው ሲመለከቱት፣ የሚታያቸው የእሳቱ ነጸብራቅና የገዛ ራሳቸው የገረጣ ፊት ነው።

ጨው ግን በጣም የረቀቀ ነው። ጄኪል መድኃኒቱን የሚቀምምበት ጨው ሊያልቅበት ሲል አዲስ ያስገዛል፤ አይሠራለትም። አሽከሩን መላ ለንደን ያዞረዋል። መጀመሪያ የገዛው ጨው ባዕድ ነገር የገባበት እንደነበር፣ ኃይሉም ያ ያልታወቀ እድፍ እንደነበር የሚገባው ከረፈደ በኋላ ነው።