የላንድክሩዘር 80ን የቱርቦ ግፊት ከ0.6 ወደ 0.8 ባር እንዴት አሳደግሁ

ሥራው የተሠራው 1ኤችዲ-ቲ ሞተር ላይ ነው፤ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4,164 ሲሲ ናፍጣ፣ ሲቲ26 ቱርቦ (ተርባይኑ በጭስ እየዞረ ኮምፕረሰሩ አየር የሚያምቅለት) ያለው፣ ኢንተርኩለር (የታመቀውን አየር ማቀዝቀዣ) የሌለው። ግፊቱን የሚወስን ኮምፒውተር የለም፤ የሚወስነው ዌስትጌቱ ብቻ ነው። ቱርቦው ያመቀው አየር በቀጭን ቱቦ ወደ ዌስትጌቱ ጣሳ ይገባና ዲያፍራሙን (የጎማ ሽፋኑን) ይገፋል። ስፕሪንጉ ሲሸነፍ ዘንጉ በሩን ይከፍታል፣ ጭሱም በከፊል ተርባይኑን ሳይነካ ያልፋል፣ ግፊቱም መጨመሩን ያቆማል። እንግዲህ ግፊት ማሳደግ ማለት ለጣሳው የሚደርሰውን አየር ማዘግየት ነው።

0.8ን የመረጥሁት በስሌት ነው። ጌጅ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። ባሕር ጠለል ላይ የውጭው አየር 1.01 ባር ስለሆነ 0.6 ሲጨመርበት ሞተሩ 1.61 ያገኛል። አዲስ አበባ ላይ፣ በ2,350 ሜትር ግድም፣ የውጭው አየር 0.76 ያህል ነው፤ ያው 0.6 ተጨምሮ 1.36 ብቻ ይሆናል። የጎደለውን በሙሉ ለመመለስ 0.85 ያስፈልጋል። ነገር ግን ያኔ ቱርቦው አየሩን በ1.8 እጥፍ ሳይሆን በ2.1 እጥፍ ማመቅ ይኖርበታል። የውጭውን ሙቀት 20 ዲግሪ፣ የኮምፕረሰሩን ብቃት 70 በመቶ ብለን ብናሰላ የሚወጣው አየር ከ96 ወደ 120 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። የሞቀ አየር ይሳሳል፤ ጌጁ ላይ የታየው ጭማሪ ሁሉ ኦክስጅን ሆኖ ሲሊንደር አይገባም። ስለዚህ ከ0.85 ዝቅ ብዬ 0.8ን ያዝሁ።

ምንም ነገር ከመንካቴ በፊት ሁለት መለኪያ ገጠምሁ። የግፊት ጌጁን ከአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ላይ ራሱን የቻለ ቀዳዳ ሰጠሁት። ከማኒፎልዱ ወደ ነዳጅ ፓምፑ ዲያፍራም የሚሄደውን ቱቦ ቆርጦ በቲ መቀጠል ይቀላል፣ ግን የጌጁ ቱቦ አንድ ቀን ቢቀደድ ፓምፑ ግፊት የለም ብሎ ነዳጅ ይቀንሳል፤ መኪናው ዳገት ላይ ይለግማል። ሁለተኛው የጭስ ሙቀት መለኪያ ነው፣ ኬ ዓይነት ቴርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ ሽቦ)፣ ከተርባይኑ በፊት የተተከለ። ከቱርቦ በኋላ ቢተከል በጭነት ጊዜ ከ100 እስከ 200 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ስለሚያሳይ ያታልላል። የጭስ ማኒፎልዱን ሳይፈቱ መብሳት ይቻላል የሚሉ አሉ፤ እኔ ፈትቼ ነው የበሳሁት። አንዲት የብረት ፍርፋሪ ለተርባይን ምላጭ በቂ ናት።

ቀጥሎ የአየር መፍሰስ ፍተሻ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፣ ብዙ ጊዜ ጠፋ የሚባለው ጉልበትም እዚህ ይገኛል። ከአየር ማጣሪያው በኋላ ያለውን ቱቦ አፍ በፕላስቲክ መክደኛ ዘጋሁ፤ መክደኛው ላይ የጎማ ቫልቭ ተገጥሟል። ከካርተሩ (ከሞተሩ ሥር ካለው የዘይት ቋት) የሚመጣውን የመተንፈሻ ቱቦ ፈትቼ ወደ አየር ቱቦው የሚገባበትን ቀዳዳ ደፈንሁ፤ ይህ ከተረሳ ግፊቱ ካርተር ውስጥ ገብቶ የዘይት ማኅተሞችን ይገፋል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ በጋራዥ የአየር መሙያ 0.7 ባር ብቻ ሞልቼ የኦሞ ውሃ በብሩሽ ቀባሁ። የቱርቦው መውጫ ቱቦ ፋሸታ ሥር አረፋው እንደ ጥቃቅን ዕንቁ እየተደረደረ ወጣ። ፋሸታው ጠብቋል፣ ቱቦው ግን ጫፉ ላይ ደርቆ ተሰንጥቋል። ቱቦውን መቀየር ብቻውን 0.05 ባር መለሰ፤ 0.6 ያልሁት ከዚያ በኋላ የተነበበው ነው። በዘይት መሙያው በኩል ትንሽ የአየር ድምፅ ቢሰማ አያስደነግጥም፤ ክፍት በሆነ ቫልቭና በፒስተን ቀለበት በኩል የሚያልፍ ነው።

ዌስትጌቱንም ለብቻው ፈተንሁ። ጣሳው ላይ ቀስ እያልሁ አየር ስሰጥ ዘንጉ 0.5 አካባቢ መንቀሳቀስ ጀመረ፣ ቱቦውን ቆንጥጬ ስይዘውም ግፊቱ አልወረደም። ቢወርድ ኖሮ ዲያፍራሙ ተቀድዷል ማለት ነበር፣ በዚያ ላይ የግፊት መቆጣጠሪያ ቫልቭ መግጠም አደጋ ነው።

ለጣሳው የሚደርሰውን አየር የሚያዘገየው ይህ መቆጣጠሪያ ቫልቭ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው አየሩን ወደ ውጭ የሚያፈስ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ግን ዌስትጌቱ ቀስ በቀስ ቀድሞ ስለሚከፈት ቱርቦው ዘግይቶ ይነሳል። እኔ የመረጥሁት ኳስና ስፕሪንግ ያለውን ነው፤ ግፊቱ ስፕሪንጉን እስኪያሸንፍ ድረስ አንዳች አየር አያሳልፍም፣ ዌስትጌቱም እስከዚያ ጥርቅም ብሎ ይቆያል። የገጠምሁት በቱርቦውና በጣሳው መካከል፣ 4 ሚሊሜትር ውስጥ ስፋት ባለው ወፍራም የሲሊኮን ቱቦ ነው፤ በጠቅላላው ከ50 ሳንቲሜትር አላስበለጥሁም፣ ከጭስ ማውጫውም አራቅሁት። ቱቦ ሲረዝም ዌስትጌቱ ዘግይቶ ይሰማል፣ ግፊቱም ከተፈለገው በላይ ዘሎ ይመለሳል። ቫልቩ ላይ ያለው ቀስት ወደ ጣሳው ማየት አለበት። ከተገለበጠ አየሩ ኳሱን ቀዳዳው ላይ ይደፍነዋል፣ ዌስትጌቱ ከቶ አይከፈትም።

ማስተካከያ ብሎኑን መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ አላላሁት። ከዚያ በየሩብ ዙሩ አንድ ጉዞ፣ ሁልጊዜ ያው ዳገት፣ ያው 3ኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ተረግጦ። ለዚህ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን የሚወጣው መንገድ የሚስተካከለው የለም፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ያለማቋረጥ ያስወጣል፣ የጭሱ ሙቀትም ወጥቶ እስኪረጋ ጊዜ ይሰጣል። በ0.6 ላይ 690 ዲግሪ ረጋ። በ0.7 ላይ 660፣ በ0.8 ላይ 640። 0.9ን ሞከርሁት፣ ሙቀቱ ከ640 አልወረደም፣ ጉልበትም አልጨመረም፤ ወደ 0.8 መለስሁት። የፓምፑን የነዳጅ ብሎን አልነካሁም። አየር ሲጨመር ጭሱ ይቀዘቅዛል፣ ነዳጅ ሲጨመር ይሞቃል፤ ሁለቱን በአንድ ቀን የሚነካ ሰው የትኛው ምን እንዳደረገ ማወቅ አይችልም። ለዚህ ሞተር ረዥም ዳገት ላይ 700 ዲግሪን ድንበሬ አድርጌዋለሁ።

ደጋ ላይ የተስተካከለ መኪና ቆላ ሲወርድ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ዌስትጌቱ የሚሠራው ከውጭው አየር ጋር እያነጻጸረ ስለሆነ መተሐራም ላይ ጌጁ ያንኑ 0.8 ያነባል። እዚያ ግን የውጭው አየር 0.9 ያህል ነው፤ ሞተሩ የሚያገኘው 1.7 ይሆናል፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ 1.81። ሲሊንደር ውስጥ ያለው ጫና የሚጨምረው እዚህ ነው። 1ኤችዲ-ቲ ደግሞ የቢየላ ብሮንዚኖቹ (ፒስተኑን ከክራንክ ዘንግ በሚያያይዘው ክንድ ውስጥ ያሉት ተለዋጭ ሽፋኖች) ቀድመው በማለቅ ይታወቃሉ። ብሮንዚኑ መቼ እንደተቀየረ የማይታወቅ ሞተር ላይ ግፊት ከማሳደግ በፊት ካርተሩን አውርዶ ማየት ይሻላል። ስለዚህ የመጨረሻው ፍተሻ ቆላ ላይ ይሁን።

ከተገጠመ በኋላ የሚታዩት ብልሽቶች ሁለት ናቸው። ጌጁ በድንገት ከ1 ባር ካለፈ የጣሳው ቱቦ ወልቋል ማለት ነው፤ የነዳጅ መርገጫውን መልቀቅና ቆሞ ማየት ያስፈልጋል። ግፊቱ በመጀመሪያው መርገጥ ደህና ሆኖ በሁለተኛው ከቀነሰ ግን ጥፋቱ ከቫልቩ ነው። ከኳሱ በኋላ 1 ሚሊሜትር የምታህል መተንፈሻ ቀዳዳ አለች፤ ዘይትና አቧራ ሲደፍናት ጣሳው ውስጥ የቀረው አየር መውጫ ያጣል፣ ዌስትጌቱም እንደተከፈተ ይቀራል። ዘይት በተቀየረ ቁጥር በቀጭን ሽቦ እጠርጋታለሁ።